ትራክ ዴይ በካድዌል ፓርክ፦ የፈረስ ጉልበት ብዙም የማይረዳበት መም

ካድዌል ፓርክ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሊንከንሻየር፣ ላውዝ ከተባለችው ከተማ አጠገብ የሚገኝ የውድድር መም ነው። ውድድር የተጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሆን፣ እንደ ሲልቨርስቶን በቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ የተነጠፈ ሳይሆን፣ የኮረብታውን ቅርጽ ተከትሎ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል፣ በከፊልም በዛፎች መካከል የሚጥመለመል ጠባብ አስፋልት ነው። የአንዱ ዙር ርዝመት 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እኔ ለትራክ ዴይ፣ ማለትም ተራ ነጂዎች ከፍለው ያለ ውድድር በመም ላይ ሞተር ሳይክል ለሚነዱበት ቀን፣ በሄድኩበት ጊዜ ግን እነዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ በሌላ መም ከነዳኋቸው ረጃጅም ዙሮች ሁሉ ይልቅ አድክመውኛል።

ስለ አቀባበሉ ብዙ የምለው የለም። ጠዋት መንጃ ፈቃድ ታየ፣ የማርሚታው ድምፅ ተለካ፣ ስለ ባንዲራዎቹ ትርጉምና ስለ መቅደም ሥርዓት ገለጻ ተደረገ፤ ከዚያም በጀማሪ፣ በመካከለኛና በፈጣን ቡድን ተከፍለን እያንዳንዱ ቡድን በሰዓት ሃያ ደቂቃ ያህል እየተፈራረቀ ነዳ። ቅሬታዬ በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ዕለቱን ያሰናዳው ድርጅት ነጂዎችን የመደበው ራሳቸው ስለ ራሳቸው በተናገሩት ብቻ ስለነበር፣ በመካከለኛው ቡድን ውስጥ የፍጥነታችን ልዩነት ከሚገባው በላይ ሰፋ። ሰፊ መም ላይ ይህ እምብዛም አያስቸግርም። ካድዌል ላይ ግን ደኅና መቅደሚያ የሚሆነው ስፍራ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ዝግተኛ ነጂ ከፊት ከተገኘ ከኋላው ያለው ሁሉ ለሰልፍ የቆመ ይመስላል። ከቀትር በኋላ አስተናባሪዎቹ ጥቂት ሰዎችን ወደ ሌላ ቡድን በማዛወራቸው ችግሩ ቀለለ።

የመሙ ፈተና የሚጀምረው ኮፒስ በተባለው የሽቅብ ግራ ኩርባ ነው፤ ትምህርቱ ግን የሚገኘው ከእሱ በሚቀጥለው በቻርሊስ ነው። ቻርሊስ ሁለት የቀኝ ኩርባዎች ተያይዘው የሚፈጥሩት ሲሆን፣ በመካከላቸው ጉብታ ስላለ ሁለተኛው ኩርባ ለመጀመሪያው ሲታጠፉ አይታይም። ዓይን ያየው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ ቶሎ ለመታጠፍ ያጓጓል፤ እኔም ግማሹን ቀን እንደዚያው ስታጠፍ ቆየሁ፤ ቶሎ የታጠፈ ደግሞ መውጫው ላይ ወደ ሣሩ ጠርዝ መገፋቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ፓርክ ስትሬት ወደተባለው ረጅም ቀጥታ መንገድ በምወጣበት ጊዜ ሁሉ ጋዝ መስጠት ሲገባኝ እጄን እመልስ ነበር። አንድ አሠልጣኝ ከኋላዬ ሁለት ዙር ተከትሎኝ ከመጣ በኋላ የነገረኝ አንዲት ነገር ናት፤ ከውጭ በኩል ቆይተህ ዘግይተህ ታጠፍ አለኝ። ይህን ስፈጽም ሞተሩ ያለ አንዳች ትግል መስመሩን ያዘ፤ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ የነበረኝ ፍጥነትም ከጠዋቱ በግልጽ የላቀ ነበር።

ጉስኔክ የተባለው ኩርባ ሌላ ዓይነት ችግር ያመጣል። እዚያ ሞተሩን ከቀኝ ወደ ግራ መገልበጥ የሚያስፈልገው በቁልቁለት ላይ ነው፤ ቁልቁለት ክብደትን ወደ ፊት ጎማ ስለሚያሸጋግር፣ ሞተሩ ተዘንብሎ ሳለ የፊት ፍሬን የሚጨብጥን ሰው ያ ጎማ ተንሸራትቶ ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ ፍሬኑ ቀድሞ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ መጠናቀቅ አለበት።

ማውንቴን የተባለውን አቀበት ግን ብዙዎች የሚያውቁት በፎቶግራፍ ነው፤ ብሪቲሽ ሱፐርባይክ የተባለው የብሪታንያ የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና ተወዳዳሪዎች ሁለቱንም ጎማ ከመሬት አንሥተው የሚያልፉበት ቦታ ነው። ለተራ ነጂ ግን መብረሩ አስፈላጊ አይደለም። (ፎቶ አንሺው ጥግ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ መሆኑ ቢፈትንም!) ከግራ ወደ ቀኝ ከታጠፉ በኋላ ሞተሩን አቅንቶ፣ ሰውነትን ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ጋዙን ሳያበዙና ሳይቆርጡ ከወጡ የፊት ጎማው በመጠኑ ቀለል ብሎ ይመለሳል። ከላይ በቀጥታ የሚያገኘን በዛፎች ውስጥ የሚያልፈው ሆል ቤንድስ ነው፤ ኩርባዎቹ ተከታታይ ስለሆኑ በአንዱ የተሠራው ስሕተት በቀጣዩ ሁሉ ይከተላል፤ ጥላ ስለሚበዛበትም ሌላው ክፍል ከደረቀ በኋላ እንኳ እርጥበት ይዞ ይቆያል። በጠዋቱ ዙር እዚያ የተንሸራተተው የኋላ ጎማዬ ይህን በሚገባ አስረድቶኛል።

እኔ ይዤ የሄድኩት ባለ 1000 ሲሲ ሞተር ነበር፤ ሦስተኛ ማርሹን አልፌ የሄድኩባቸው ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው። አንድ ባለ 400 ሲሲ ሞተር የያዘ ሰው በቻርሊስ ከውስጥ በኩል አልፎኝ ሄደ፤ በቀጥታው መንገድ ብደርስበትም በሆል ቤንድስ ከዓይኔ ተሰወረ። ጎማን በተመለከተ ልዩ የውድድር ጎማ አላስፈለገኝም፤ ጥሩ የመንገድ ስፖርት ጎማ ንፋሱ ለመንገድ ከሚሞላው ዝቅ ተደርጎ፣ ከመሙ እንደወጡ ገና ትኩስ ሳለ እየተለካ ከተስተካከለ ለመካከለኛ ቡድን ይበቃል።

መም ላይ ነድቶ ለማያውቅ ሰው ካድዌልን የመጀመሪያው እንዲያደርገው አልመክርም፤ ጠርዙ ቅርብ ስለሆነ ለስሕተት የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሜዳማ መም ላይ ለተለማመደ ግን የተከፈለበትን ያህል የሚያስተምር ነው። እኔም ለሚቀጥለው ትራክ ዴይ ተመዝግቤአለሁ፤ ትልቁን ሞተር ግን ቤት ትቼ፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ባለ 600 ሲሲ ይዤ እሄዳለሁ።