ሲቪል ምህንድስና ወይስ ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት (ኮተም)?

ሁለቱም የ5 ዓመት ትምህርት ናቸው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያቸውም በወጪ መጋራት ነው። ስለዚህ በገንዘብ ማማረጥ ብዙ አያስኬድም።

ሲቪል፦ ስሌት ይበዛዋል። ከስታቲክስ (በማይንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ስሌት) ወደ ማቴሪያሎች ጥንካሬ፣ ከዚያ ወደ ስትራክቸር (ጭነት ተሸካሚ የግንባታ አካል) ትንተና፣ ቀጥሎ ወደ አርማታ ዲዛይን ይዘልቃል። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ፣ ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ በሚከፈትበት ቦታ ስታቲክስ ላይ መውደቅ ዓመት ይበላል። የ12ኛ ክፍል ካልኩለስና የ11ኛ ክፍል ቬክተር የላላበት ተማሪ ክረምቱን እዚያ ላይ ያውለው። በምላሹ በሩ ሰፊ ነው፦ ሕንፃ፣ መንገድ፣ ድልድይ፣ ውሃ።

ኮተም፦ መሠረታዊው ስሌት እዚህም አለ (ቀላል ነው የሚሉትን አትመኑ)። ክብደቱ ግን የሥራ መጠን ልኬት፣ የነጠላ ዋጋ ትንተና (የአንድ መለኪያ ሥራ ወጪ ስሌት)፣ ውልና መርሐ ግብር ላይ ነው። ለሳይት፣ ለጨረታና ለክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራው ሥራ የሚከፈለውን የሚያረጋግጥ ሰነድ) ሥራ ቶሎ ያደርሳል፤ ለዲዛይን ቢሮ ግን ይጠብባል።

የሕንፃው ጭነት እንዴት ወደ መሠረት እንደሚወርድ ማወቅ የሚያጓጓው ሲቪል ይግባ። ሰው ማስተባበርና የወጪ ሒሳብ መቆጣጠር የሚቀናው ኮተም ይስማማዋል። ገና ያልወሰነ ሲቪልን ቢይዝ ይሻላል፤ ከሲቪል ተነስቶ በኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ማስተርስ መቀጠል፣ ከኮተም ወደ ስትራክቸር ከመሻገር ይቀላል።