ጉራንጉር ውስጥ ወዳለ ድብቅ ባር ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ

ምልክት የሌለው በር፣ ጠባብ ደረጃ፣ ላይ ስትደርሱ ደብዘዝ ያለ መብራትና ጥሩ ሙዚቃ። ከተማ መሃል ጉራንጉር ውስጥ፣ ፎቅ ላይ የተሸሸጉ ትንንሽ ባሮችን እወዳለሁ። ብዙዎቹ ሐቀኞች ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ከበሩ ጋር ዋጋውንም ይደብቁታል። ተጠንቀቁ የምለው ለዚህ ነው።

እኛን የገጠመን እንዲህ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ወጥተን ሜኑ ጠየቅን። አስተናጋጁ «እዚህ ሜኑ የለም፤ የምትወዱትን ጣዕም ንገሩኝ፣ ባርማኑ ያዘጋጅላችኋል» አለን። ዋጋውስ? «እንደማንኛውም ቦታ ነው» አለና የአንዳችንን ካርድ ይዞ ሄደ። ሁለት ሁለት ጠጣን። ሂሳቡ በቆዳ ማህደር ውስጥ ተጣጥፎ መጣ። በስልክ መብራት ነው ያነበብነው። ከመጠጡ ሥር «መቀመጫ»፣ «አገልግሎት»፣ ቀጥሎ ደግሞ «የዝቅተኛ ወጪ ማሟያ» ይላል። ላልጠጣነው መጠጥ አስከፈሉን ማለት ነው! ጠረጴዛው ዝቅተኛ ወጪ፣ ማለትም ተቀማጩ ቢያንስ የግድ ማውጣት ያለበት ገንዘብ፣ እንዳለው ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ስንጠይቅ ማስታወቂያው ታች በሩ ላይ አለ አሉን። ወርደን አየነው። እውነትም አለ። የተለጠፈው ግን በሩ ሲከፈት ከግድግዳው ጋር በሚገጥመው በኩል ነው፤ ፊደሉም ደቃቃ። ማምሻውን በሩ ክፍት ስለሚሆን ገቢ ወጪው ሊያየው አይችልም።

ዝቅተኛ ወጪ መጠየቁ በራሱ ነውር አይደለም። ጥቂት ወንበር ብቻ ያላት ቤት አንድ መጠጥ ይዞ የሚያመሽ ሰው ይጎዳታል፤ ይገባኛል። ነውሩ ከተቀመጡ በኋላ መናገሩ ነው።

የእነዚህ ባሮች ፋሽን የመጣው አሜሪካ ውስጥ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አልኮል መሸጥ በተከለከለበት ዘመን ከነበሩት ስውር መሸታ ቤቶች ነው። ያኔ የሚደበቁት ከፖሊስ ነበር። ዛሬ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ባር ከደንበኛው የሚደብቀው ምን አለ? በሩን ይደብቅ፣ ደስ ይላል። ዋጋውን ግን አይችልም።

ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መጠጡ ስንት ነው፣ ዝቅተኛ ወጪ አለ ወይ፣ ሂሳቡ ላይ የሚጨመር ነገር አለ ወይ። ሜኑ የለም ካሏችሁ የአንድ ኮክቴል ዋጋ በቁጥር ይንገሯችሁ። ቁጥር መናገር የሚከብደው ቤት ከሆነ ደረጃውን ተመልሳችሁ ውረዱ።

ካርዳችሁንም ባንኮኒ ላይ አትተዉ። አንዳንድ ቦታ ካርዱን ሲወስዱ ገና ሳትጠጡ የተወሰነ ገንዘብ ያሳግዳሉ። ገንዘቡ ከባንክ ሂሳባችሁ ባይወጣም ልትጠቀሙበት አትችሉም፤ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ውጭ አገር ከሆናችሁ ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አይሆንም በሉ። በዚያ ምንዛሪ አብዛኛውን ጊዜ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ።

ስለ መጠኑም ጠይቁ። ብሪታንያ ውስጥ ጂን፣ ሮም፣ ቮድካና ውስኪ ለብቻቸው ሲቀዱ 25 ወይም 35 ሚሊ ሊትር፣ ወይም የዚያ ብዜት መሆን አለባቸው፤ ቤቱም በየትኛው እንደሚቀዳ በግልጽ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። እኛ የሄድንበት ባር ግን በዓይን ግምት ነበር የሚቀዳው። ብርጭቆውን የሞላው አንድ ትልቅ በረዶ ነው። ትልቅ በረዶ ቶሎ ስለማይሟሟ መጠጡን አያቀጥነውም፤ ጎበዝ ባርማን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ግን ከሥሩ ያለው መጠጥ ስንት እንደሆነም ይሸፍናል። ባርማኑ በመለኪያ ሲቀዳ ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ሂሳቡ ካስደነገጣችሁ ደረጃው ላይ አትጨቃጨቁ። እያንዳንዱ ነገር ተዘርዝሮ የተጻፈበት ደረሰኝ ጠይቁ። ማስታወቂያው የተለጠፈበትን ቦታ ከበሩ ጋር ፎቶ አንሱ። በካርድ የተከፈለን ገንዘብ ባንክ ሄዶ መከራከር ይቻላል፤ የጊዜ ገደብ ስላለው ግን አትዘግዩ። እኛ ደረሰኙንና ፎቶውን ይዘን አመለከትን። የማሟያው ተመለሰልን። የመቀመጫውንና የአገልግሎቱን ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው።