እማዬን ራሷን ለጠየቀችልን ሲስተር

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምጽፈው። አያት፣ ታፎና እዚህ አካባቢ ላላችሁ፣ መርሳት የጀመረ ወላጅ ቤታችሁ ካለ ይቺን ሲስተር እወቋት። ቤት ለቤት እየሄደች ታማሚ የምትረዳ ነርስ ናት።

አምና እማዬ ቡና አፍልታ፣ ቶናውን ጠጥተን ስናበቃ "ኑ፣ አቦሉ ደረሰ" ብላ ጠራችን። ያኔ ሳቅን። እየቆየ ግን የጎረቤት ስም፣ የቤት ቁልፍ፣ ጡረታዋን የተቀበለችበት ቀን ይጠፋት ጀመር። መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክ "እርጅና ነው" ብሎ መለሰን። የመርሳት በሽታ መሆኑን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው።

ሲስተር የመጣችው ደም ግፊቷን ልትለካ ነበር። እኛ ልጆች "ቤቱስ? ማን ጋ ትኑር?" እያልን ስንከራከር ሰማችን። ከእማዬ አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። "እማማ፣ ነገ መናገር ቢያቅትዎ ልጆችዎ ምን እንዲያደርጉልዎ ይፈልጋሉ?" አለቻት። ያን ሁሉ ወር ማናችንም አልጠየቅናትም!

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ አንድ በአንድ ተናገረች። "ዕድሬ እንዳይቋረጥ። ቤቴን በቁሜ አትሽጡብኝ። ጸበል ውሰዱኝ፣ አስራችሁ ግን አትውሰዱኝ።" ሲስተር ደብተር ላይ ጻፈችው። መልሳም አነበበችላት።

ጠበቃ እንድናማክር የገፋፋችንም እሷው ናት። "ዛሬ ነገ አትበሉ፤ ገብቷቸው መፈረም የሚችሉት አሁን ነው" አለችን። ጠበቃው ያስረዳንን እናንተም ስሙት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ፣ ማለትም ውክልና የሰጠው ሰው፣ በሕግ ፊት ራሱ የመወሰን ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። እኛ አንዴ ከተሰጠ እስከ መጨረሻው የሚያገለግል ይመስለን ነበር። በጠቅላላ ውክልና ብቻ ደግሞ ቤት መሸጥ አይቻልም፤ ተለይቶ መጻፍ አለበት። እኛ አላስጻፍነውም፤ እማዬ አትሽጡብኝ ብላለቻ።

ውክልናውን ለመፈረም ሰነዶች ማረጋገጫ የሄድን ቀን ሲስተር አብራን ነበረች። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። "አሻራ ይበቃል" ብንላት እምቢ አለች። ስሟን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ ጻፈች።

ሲስተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ወዲያው ባታነሳ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ታማሚ ጋ ስትሆን ድምፁን ታጠፋዋለች።