እጅ አላጣሁም፤ ባሕር ዳር በተሽከርካሪ ወንበር

በልጅነቴ ልምሻ ይዞኝ እግሮቼ ከከዱኝ ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዘመን በክራንች ስሄድ ኖሬ፣ ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር እንቀሳቀሳለሁ። ከካናዳ ወደ ተወለድሁባት ባሕር ዳር በወንበር ሆኜ ስመለስ ይህ የመጀመሪያዬ ስለ ሆነ፣ በሦስት ሳምንት ቆይታዬ የተጠቀምሁባቸውን አገልግሎቶች እንደ እኔ ላለ መንገደኛም ሆነ አገልግሎቱን ለሚሰጡት ሰዎች ይጠቅማል ብዬ እጽፋለሁ።

ከተማዋ ሜዳ መሆኗ ለእኔ ትልቅ ጸጋ ነው። ብስክሌት የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ዳገት የላቸውም፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውንና 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይም ማንም ሳይገፋኝ፣ ወንዙን ቁልቁል እያየሁ፣ በራሴ እጅ እየነዳሁ ተሻግሬዋለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከጎዳናው ወደ ሕንፃ ለመግባት ሲታሰብ ነው።

ያረፍሁበት ሆቴል ከመምጣቴ በፊት በስልክ ስጠይቅ «ለዊልቸር ይመቻል» ብሎኝ ነበር። መግቢያው ላይ በእርግጥ መወጣጫ አለው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ከወንበሬ በአራት ሳንቲ ሜትር ይጠባል። ሥራ አስኪያጇ ነገሩን ባየች ጊዜ ሳትከራከር አናጺ አስጠርታ በሩን ከማጠፊያው አስነቀለችና በምትኩ መጋረጃ እንዲሰቀል አደረገች። ቅንነቷን አመሰግናለሁ፤ ሌላው መንገደኛ ግን «ይመቻል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የበሩን ስፋት አስለክቶ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ገንዘብ ለመመንዘር የሄድሁበት ባንክ ከዚህ ይከፋል። ወደ አዳራሹ ለመግባት ዘጠኝ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ጥበቃው አንድ አላፊ መንገደኛ ጠርቶ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ሁለቱም ብብቴ ሥር እጃቸውን ሲያስገቡ፣ አያያዙን የማያውቅ ሰው እንዲህ ሲያነሣኝ ትከሻዬ ሊወልቅ ስለሚችል እንዲተዉኝ ለመንኋቸው። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ቅጹን ይዛ ወረደችና ዶላሬን በእግረኛ መንገድ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ፣ ቆጥሬ አስረከብሁ፤ ብሩንም እዚያው ተቀበልሁ። ልጅቷ በጎ አድርጋልኛለች፤ ነገር ግን ሌላው ደንበኛ ከመስኮቱ ፊት ቆሞ የሚቆጥረውን ገንዘብ እኔ አደባባይ ላይ የቆጠርሁት መወጣጫ ስላልተሠራ ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤት ሲሠራም ለእነርሱ የሚሆን እንዲካተት ደንግጎ ነበር፤ ይህ ሕንፃ ደግሞ የተሠራው ከአዋጁ በኋላ ነው።

ስለ ሰዉ አመለካከት ስጽፍ እጠነቀቃለሁ፤ ክፋት አላየሁምና። አስተናጋጆች እኔ ፊታቸው ተቀምጬ ሳለሁ የእኅቴን ልጅ «እሷስ ምን ትበላለች?» ብለው ይጠይቁታል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደግሞ አንዲት እናት «እግዜር ይማርሽ» ብለው ጭኔ ላይ ብር አስቀመጡ። ይማርሽ የሚባለው ለታመመ ነው፤ እኔ ደግሞ ጤነኛ ነኝ። «አሜን እናቴ፤ አልታመምሁም፣ ለማስቀደስ ነው የመጣሁ» ብዬ ብሩን በሁለት እጄ ስመልስላቸው ደነገጡ፤ ይቅርታ ጠይቀው ትከሻዬን ስመውኝ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ያሰብሁት በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የሚታሰበውን መፃጉዕን ነው። 38 ዓመት የታመመው ያ ሰው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ተናግሮ ነበር። እኔ በባሕር ዳር ሰው አላጣሁም፤ በየደረጃው ሥር አራትና አምስት እጅ ተዘርግቶልኛል። ያጣሁት ያ ሁሉ እጅ ሳያስፈልገኝ የምገባበትን መንገድ ነው፤ በሰው እጅ የሚገባ ሰው የሚገባው ሌሎች ሲመቻቸው፣ የሚወጣውም እነርሱ ሲመለሱለት ነውና።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሦስት ባጃጆች ወንበሩን አይተው ካለፉ በኋላ እርሱ ቆመ፤ ወርዶም «እንዴት ብይዝዎት ይሻላል?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ሳላስተምረው የጠየቀኝ እርሱ ብቻ ነው። በማግሥቱ ከአሮጌ ከመነዳሪ ለወንበሩ ማሰሪያ ቆርጦ ይዞ መጣ፤ እስከ ተመለስሁበት ቀን ድረስም ሌላ ባጃጅ አልፈለግሁም።

የጣናው ጉዞ ለብቻው መነገር አለበት። የሞተር ጀልባው ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አስቸጋሪው ግን መሳፈሩ ነው። የሐይቁ ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ እስከ ሰኔ ድረስ እየጎደለ ስለሚሄድ፣ ልዩነቱም ከአንድ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ጀልባው ከመሳፈሪያው የሚዘቅጥበት ልክ በየወሩ ይለያያል። እኔ የሄድሁት በየካቲት ነበርና ጀልባው ጉልበት ያህል ዝቅ ብሎ አገኘሁት፤ ጀልበኛው ሳንቃ ዘርግቶ፣ ከላይም ከታችም ሰው አቁሞ፣ ቀስ አድርጎ አወረደኝ።

ከዘጌ መውረጃ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡና ዛፎች መካከል የሚወጣ ድንጋያማ ዳገት ነው። ወጣቶቹ ቃሬዛ እናምጣ አሉ። በቃሬዛ የሚሄደው ሕመምተኛ ወይም አስከሬን ነውና እምቢ ብዬ፣ አራት ሆነው ወንበሬን ከነእኔ እንዲያነሡ ተስማማን። የሚያዘው ዋናው ብረት እንጂ ተነቃዩ የክንድ ማሳረፊያ እንዳልሆነ አሳየኋቸው፤ አውርዱ ስል እያወረዱ፣ እንሂድ ስል እያነሡ ወሰዱኝ። ገንዘብ ስሰጣቸው «ለጽድቅ ነው» ብለው እንቢ አሉ፤ የሌላ ጎብኚ ዕቃ ቢሸከሙ ዋጋቸውን እንደሚቀበሉ ሳስታውሳቸው ግን ተቀበሉኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጫማ ስለሚወለቅ ጎማዬ ምን ይሁን ብዬ ስጨነቅ፣ አንድ አባት ውኃና ጨርቅ አስመጥተው ጎማዎቹን አስጠረጉና «ይኸው ጫማሽ ወለቀ፤ ግቢ» አሉኝ። ከደፉ በቀር የሚያነሣኝ ሳያስፈልገኝ መቅደሱን ዞሬ፣ የግድግዳውን ሥዕሎች አንድ በአንድ፣ በፈለግሁት ቦታ እየቆምሁ አየሁ።

ለሚቀጥለው ጉዞዬ ጥቅምትን መርጫለሁ። ጀልበኛው እንደ ነገረኝ በዚያ ወር ጀልባው ከመሳፈሪያው ጋር ይስተካከላል፤ ሳንቃዋ ብቻ ትበቃኛለች።