የአክርማ ሙዳይ ወይስ የወለቃ ሸክላ? ለቤት ማስጌጫ ለሚገዙ

ጎንደር ላይ ለቤት ማስጌጫ ወይም ለስጦታ የሚሆን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ ክዳን ባለው የስፌት ሙዳይና በወለቃ በሚሠራው ጥቁር የሸክላ ምስል። የሁለቱንም ቅርጽና ዕድሜ የሚወስነው የተሠሩበት ነገር ስለሆነ፣ ከዋጋው በፊት መመርመር ያለበት እሱ ነው።

የሙዳይ ውስጡ ስንደዶ የሚባለው ሣር ነው። ስንደዶው አክርማ በሚባል ሌላ ሣር እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ ከመሃል ተጀምሮ ዙር በዙር ይሰፋል፤ ሰፊዋ አዲሱን ዙር ከፊተኛው ጥቂት ወደ ውጭ ስታወጣው አፉ ይሰፋል፣ ወደ ውስጥ ስታስገባው ይጠብባል። ጥለቱም የሚወጣው እዚያው ስፌቱ ላይ ነው፤ ቀለም የገባው አክርማ በየዙሩ አንድ ስፌት ወደ ጎን ሲራመድ ዓይን የሚስበው ሰያፍ መስመር ይፈጠራል። ስለዚህ ክዳኑን ገልብጠው መሃሉን ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥብቅ ሆነው፣ ዕቃው ወደ ብርሃን ሲያዝ በስፌቱ መካከል ብርሃን ካላሾለከ፣ ሥራው የታገሠች እጅ ሥራ ነው። በአክርማ ፋንታ በፋብሪካ ክር የተሰፋም ገበያው ላይ አለ፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ ነገር ግን ክሩ አቧራ ይይዛል፣ የአክርማው የተፈጥሮ ወዝም የለውም። ለእኔ ምርጫው አክርማው ነው፤ ቀለሙ ፀሐይ ሲመታው ቢደበዝዝም እንኳ።

ወለቃ ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኝ የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር ናት። በቤተ እስራኤል ዘንድ ሸክላው የሴቶች፣ ብረት ቅጥቀጣና ሽመናው የወንዶች ሙያ ነበር፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ አንበሳው፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ጀበና የያዘችው ሴት ዛሬም በሸክላ ይሠራሉ።

ምስሉ የሚቀረጸው በእጅ ነው። የሚተኮሰውም ሜዳ ላይ በተነደደ እሳት ስለሆነ እንደ ፋብሪካ ሴራሚክ አይጠነክርም፤ ውኃ ይመጥጣል፣ ቀጭን ክፍሉም በቀላሉ ይሰበራል። ጎበዝ ሠሪ ይህን ስለምታውቅ የአንበሳውን ጅራት ከጀርባው ጋር ታጣብቀዋለች፣ የሴትዮዋን ክንድ ከደረቷ አታርቀውም፤ ይህን ያየ ገዢ የችሎታ ማነስ አድርጎ እንዳይቆጥረው እወዳለሁ፤ ለጭቃው ጠባይ የተሰጠ ክብር ነውና። ተዘርግቶ የወጣ ክንድ ያለው ምስል ሱቁ ውስጥ ቢያምርም ቤት ሳይደርስ ሊጎድል ይችላል። ጥቁረቱ ከጭስ የመጣ ይሁን የተቀባ ለመለየት ሻጯን አስፈቅደው ከሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ይሹት፤ የሚለቅ ከሆነ ቀለም ነው። በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ሲያንኳኩትም የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ ሳይኖረው አይቀርም።

ሕፃናት ላሉበት ቤት ሙዳዩን እመርጣለሁ፤ ቢወድቅም አይሰበርም፣ ቀለበትና ሐብል ያስቀምጣል፣ ብቻ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ግን ሸክላው ይሻላል። ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአዘዞ፣ የሚሄድ ሰው ሙዳዩን ልብስ ሞልቶበት ሻንጣ ውስጥ ቢያኖረው ቅርጹን ይጠብቃል፤ ሸክላውን ግን በጥጥ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ በእጁ ይያዝ።