«የጅማ ፖድካስት አድማጭ ጥናት» የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ

ጅማ ውስጥ ፖድካስት (በኢንተርኔት በክፍል በክፍል የሚለቀቅ የድምፅ ፕሮግራም) ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች፣ ይህን ሳታነቡ እባካችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ሰሞኑን በቴሌግራም «የጅማ አድማጭ ምን ዓይነት ፖድካስት ይፈልጋል?» የሚል ሰነድ እየተሸጠ ነው። ዋጋው ከአንድ ደህና ማይክሮፎን ይበልጣል። የገዙ ልጆች አሳይተውኝ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት።

ሽፋኑ ያምራል። ውስጡ ግን ስንት ሰው፣ የት፣ መቼና በምን ቋንቋ እንደተጠየቀ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ታሪክ ይህን ያህል በመቶ፣ ስፖርት ይህን ያህል፣ ሥነ ልቦና ይህን ያህል እያለ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ድረስ ይዘረዝራል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ዘርፍ ብቻ እንደመረጠ ይናገራል፤ ሲደመር ግን ከመቶ ያልፋል! ከሁሉ ያናደደኝ ሰው በየትኛው መተግበሪያ እንደሚያዳምጥ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው። የዘንድሮ ጥናት ነው ተብሎ ጉግል ፖድካስትስ በሁለተኛነት ተቀምጧል። ጉግል ይህን መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ዘግቶታል። በተዘጋ መተግበሪያ ዘንድሮ የሚያዳምጥ የጅማ ሰው ከየት መጣ? ከአሮጌ ሰነድ ተገልብጦ «ጅማ» የሚል ስም እንደተለጠፈበት ለመገመት አያዳግትም።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚጠየቅ ነገር አለ። እዚህ ከተማ ውስጥ መጠይቅ በአማርኛ ብቻ ከተበተነ በአፋን ኦሮሞ የሚያዳምጠው ሰፊ ሕዝብ ከቆጠራው ቀረ ማለት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ከተሰበሰበም የጅማ መርካቶን ባለሱቅና ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለሰውን ሹፌር አይወክልም። ደግሞም ሰው «ምን መስማት ትፈልጋለህ?» ሲባል የሚያስከብረውን ይመልሳል። «ባለፈው ሳምንት ምን ሰማህ? እስከ መጨረሻው ሰማኸው?» ብሎ የማይጠይቅ መጠይቅ ፍላጎትን ለካ ለማለት ይቸግራል።

ሻጮቹ «ይህን ዘርፍ ከያዝህ ፕሮግራምህ ይህን ያህል ጊዜ ስልክ ላይ ይወርድልሃል (ዳውንሎድ ይደረጋል)» እያሉ ተስፋ ይሰጣሉ። መውረድ መደመጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አይኦኤስ 17 የተባለው የአይፎን ሥርዓተ ክወና ሲወጣ፣ አፕል ሰው መስማት የተወውን ፕሮግራም ስልኩ ላይ በራሱ የማውረዱን አሠራር ቀነሰ። ያኔ የብዙ ፖድካስቶች የዳውንሎድ ቁጥር የቀነሰው በዚህ ምክንያት እንጂ አድማጭ ሸሽቷቸው አልነበረም። አፕል ራሱም ለፖድካስቱ ባለቤት ከሚሰጠው መረጃ ውስጥ ከአንድ ክፍል ቢያንስ 20 ደቂቃ ወይም 40 በመቶውን የሰሙትን ለይቶ ያሳያል።

ገንዘባችሁን ለቀረጻ አውሉት። ከምታመነቱባቸው ሁለት ዘርፎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ቅረጹና ዩቲዩብ ላይ ጫኑ። አድማጩ በየትኛው ደቂቃ ላይ ትቶ እንደሚወጣ የሚያሳየው መስመር ለቻናሉ ባለቤት በነፃ ይታያል። የሁለት ክፍል ውጤት ትንሽ ነው፤ ግን የራሳችሁ አድማጭ ነው።

የግድ ጥናት እንገዛለን ካላችሁ፣ ሳትከፍሉ በፊት መጠይቁን፣ የተጠያቂዎቹን ብዛትና መረጃው የተሰበሰበበትን ቀን በጽሑፍ አስልኩ። ይህን የሚከለክላችሁ ሻጭ ጋር ንግግር አታብዙ። የከፈላችሁ ደግሞ የቴሌግራም መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የባንክ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫውን ከሰነዱ ጋር ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ሰነዱን የገዛችሁ ሌሎች ካላችሁም ጻፉልኝ፤ አቤቱታውን በጋራ እናቅርብ።