ከስታዲየም ወደ አያት፦ የማታው ባቡር

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ ከሥራ ወደ ቤት ለሚመለስ ሰው ለዓይንም ለሐሳብም የሚመች መጓጓዣ ነው። በታክሲ የሚታየው ከፊት የተቀመጠው ሰው ጀርባ ብቻ ሲሆን፣ እዚህ ግን ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በስታዲየምና በመገናኛ በኩል አያት በሚደርሰው መስመር፣ መስኮት አጠገብ የቆመ ተሳፋሪ ከተማዋ መብራቷን ስታበራ ያያል፤ ወደ ባቡሩ ውስጥ የሚያይ ደግሞ የበለጠ ያተርፋል። በቅርቡ የደንብ ልብስ የለበሰች አንዲት ተማሪ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ለቆሙ እናት «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ ስትነሣላቸው፣ እሳቸው «ተባረኪ ልጄ» ብለው ከተቀመጡ በኋላ የደብተር ቦርሳዋን ተቀብለው እስክትወርድ ድረስ ጭናቸው ላይ ያዙላት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ለመጓዝ ለሚፈቅድ ሁሉ ይህን መስመር ከልቤ እመክራለሁ፤ በተለይም አመሻሹ ላይ።